የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መሬትንና ሰውን በአንድነት ማጥናት

ጂኦግራፊን በአካባቢ፣ በኅብረተሰብና በዘላቂነት ላይ አተኩሮ ስለመማር ብዙ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑትን ለዚህ እትም መርጠን፣ ለአምዱ እንዲመጥኑም አሳጥረን አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በመጨረስ ላይ የምገኝ ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጂኦግራፊ፣ በተለይም አካባቢንና ኅብረተሰብን አያይዞ የሚያጠናውን ዘርፍ መማር እፈልጋለሁ። ሐሳቤን የነገርኳቸው ሰዎች ግን «የአገር ዋና ከተማና የወንዝ ርዝመት ሸምድደሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። ለመሆኑ ትምህርቱ ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የአገሮችን ዋና ከተማና የወንዞችን ስም ማወቅ አይጎዳም፤ ካርታ ላይ ስለ ተነጠፈ ነገር ለመነጋገር መነሻ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ጂኦግራፊ ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። አንድ ነገር የት እንደሚገኝ፣ እዚያ ሊገኝ የቻለው ለምን እንደሆነ፣ በዚያ በመገኘቱም ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ ይጠይቃል። አካባቢን፣ ኅብረተሰብንና ዘላቂነትን የሚመለከተው ዘርፍ ደግሞ ከእነዚህ ጥያቄዎች የመጨረሻውን አጥብቆ ይይዛል።

የአራል ባሕር የደረሰበት ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። አራል በካዛኪስታንና በኡዝቤኪስታን መካከል የሚገኝ፣ ወደ ውቅያኖስ መውጫ የሌለው ጨዋማ ሐይቅ ነው። በ1960 ወደ 68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ነበረው፤ በዚያን ጊዜ ከዓለም ሐይቆች በስፋት አራተኛው እርሱ ነበር። ውኃ የሚያገኘው አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ ከሚባሉ ሁለት ወንዞች ነው። የሶቪየት ኅብረት ዕቅድ አውጪዎች በረሃውን ወደ ጥጥ እርሻ ለመለወጥ ወስነው የሁለቱን ወንዞች ውኃ ወደ መስኖ ቦዮች አዞሩት። ብዙዎቹ ቦዮች ወለላቸው ያልተለበጠ በመሆኑ ከተጠለፈው ውኃ ብዙው እርሻው ዘንድ ሳይደርስ በአሸዋው ውስጥ ይሰርግ ነበር። ባሕሩ ከዓመት ወደ ዓመት ከዳርቻው እየሸሸ ሄዶ በ2007 ከቀድሞ ስፋቱ የቀረው አንድ አሥረኛው ያህል ነበር። የተረፈው ውኃ ጨው ስለበዛበት ዓሦቹ አለቁ። በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካዋ ትታወቅ የነበረችው የሞይናቅ ወደብ ዛሬ ውኃው በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች የራቃት ከተማ ናት፤ የዛጉ ጀልባዎች ባሕር በነበረው አሸዋ ላይ ተጋድመው ይታያሉ። ከደረቀው የባሕር ወለል የሚነሣው ነፋስም ጨውንና ከጥጥ እርሻው ታጥቦ የመጣውን የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ተሸክሞ በመንደሮች ላይ ያራግፈዋል።

ይህን ጉዳይ የኬሚስትሪ ባለሙያ ከጨውነቱ አንጻር፣ ሐኪሙ ከነዋሪዎቹ ሳንባ አንጻር፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ከጥጥ ገበያ አንጻር ሊያጠኑት ይችላሉ፤ የሁሉም ሥራ ያስፈልጋል። የጂኦግራፊ ተማሪ የሚያጠናው ግን በእነዚህ መካከል ያለውን ሰንሰለት ነው። ውሳኔው የተወሰነው በሞስኮ ነው፤ ውኃው የተጠለፈው ከላይኛው ተፋሰስ ነው፤ ጥጡ የሄደው ወደ ሩቅ ፋብሪካዎች ነው፤ አቧራውን የሚተነፍሰው ደግሞ በወንዙ ግርጌ የሚኖረው፣ በውሳኔው ውስጥ ድምፅ ያልነበረው ሕዝብ ነው። ጥቅሙና ጉዳቱ በተለያየ ቦታ መውደቁን አስተውሎ፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ በማስረጃ ማስረዳት የዚህ ትምህርት ዋና ሥራው ነው።

ለዚህ ሲባል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ መሬት ገጽታ፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ አፈርና ስለ ዕፀዋት ሥርጭት፣ እንዲሁም ስለ ሕዝብ፣ ስለ ከተሞችና ስለ ምጣኔ ሀብት ይማራሉ። ከዚህ ጋር ካርታ ሥራ፣ ጂአይኤስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት፣ የሳተላይት ምስል ንባብ፣ ስታቲስቲክስና የቃለ መጠይቅ አካሄድ አሉ። የመስክ ሥራም አለ፤ በእኛ እምነት ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ ከሁሉ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው በትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ለስንት ጊዜ መስክ እንደሚወጡ ነው። መስክ ያልወጣ ተማሪ የሰው ቃል ይደግማል፤ የራሱ ጥያቄ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ እኔ የምወደው የተፈጥሮውን ክፍል፣ ማለትም ዐለቱን፣ ወንዙንና አየር ንብረቱን ነው። ስለ ኅብረተሰብ የሚያወራው ክፍል ይሰለቸኛል። የአካባቢ ሳይንስን ብመርጥ አይሻለኝም?

መልስ፦ ሊሻልዎ ይችላል፤ በሐይቅ ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን መጠን በቤተ ሙከራ መለካት ከወደዱ የአካባቢ ሳይንስ ይስማማዎታል። ናይትሮጅኑ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ፣ ገበሬው ያን ያህል ማዳበሪያ ለምን እንደጨመረና ከሐይቁ ዓሣ የሚያሰግሩት ሰዎች ምን እንደሆኑ ማወቅ ከፈለጉ ግን ወደ ጂኦግራፊ እየተጠጉ ነው። ወሰኑም ጥብቅ አይደለም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1800 በቬኔዝዌላ የሚገኘው የቫሌንሲያ ሐይቅ ለምን እንደሚጎድል ሲመረምር፣ ሙቀትና ከፍታ ከመለካቱ ጎን ለጎን በዙሪያው ስለተመነጠረው ደንና ወደ እርሻ ስለተጠለፈው ውኃ ጽፏል። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የሆነው ይህ ምልከታ በዚህ ዘርፍ ዛሬም የሚሠራበትን የአመለካከት መንገድ ያሳያል።

ስለ ኅብረተሰቡ ክፍል ከመወሰንዎ በፊት ግን አንድ ንጽጽር እናቅርብልዎ። በጃንዋሪ 2010 በሬክተር መለኪያነት በተለምዶ 7.0 ተብሎ የተገለጸ የመሬት መንቀጥቀጥ ሃይቲን መታ። በፌብሩዋሪ ደግሞ 8.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ቺሊን መታ፤ ይህ የለቀቀው ኃይል ከሃይቲው 500 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በሃይቲ፣ በአብዛኞቹ ግምቶች መሠረት፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በቺሊ የሞቱት 500 ገደማ ነበሩ። ከልዩነቱ ከፊሉን የመሬት ሳይንስ ያስረዳል፤ የሃይቲው መንቀጥቀጥ ጥልቀቱ አነስተኛ ሲሆን የተከሰተውም በዋና ከተማው በፖርቶፕሬንስ አቅራቢያ ነበር። የቀረው ግን በዐለት ውስጥ አይገኝም። ቺሊ በ1960 በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ትልቁን፣ 9.5 የደረሰውን መንቀጥቀጥ ካየች በኋላ የሕንፃ ደንቧን እያጠበቀች መጥታለች፤ ደንቡንም የሚያስፈጽሙ ተቋማት አሏት። በሃይቲ ደግሞ ድኻው ሕዝብ ከተማው ዳር ባሉ ተዳፋቶች ላይ፣ በቂ ብረት በሌለው ኮንክሪት፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት ቤቱን ሠርቶ ነበር። ለዚህ ነው የዘርፉ መምህራን አደጋን የሚያጠኑት ተፈጥሯዊውን ክስተትና የሰውን ተጋላጭነት በአንድነት ይዘው የሆነው። ዐለቱን የሚወድ ተማሪ ይህን ጥያቄ ከሳበው ኅብረተሰቡን ማጥናት የሚሰለቸው አይመስለንም።

ጥያቄ፦ «ዘላቂነት» የሚለው ነገር በየስብሰባው፣ በየማስታወቂያውና በየኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ አለ። ከፖለቲካ መፈክርነት ያለፈ ይዘት ያለው አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠናው ምኑ ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ወደዚህ ትምህርት ለሚገባ ሰው ጥሩ ስንቅ ነው። በኖርዌይዋ ፖለቲከኛ በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1987 ባወጣው ሪፖርት ዘላቂ ልማት ማለት የመጪው ትውልድ የራሱን ፍላጎት ለማሟላት ያለውን ዐቅም ሳይጎዳ የዛሬውን ትውልድ ፍላጎት የሚያሟላ ልማት ነው ብሎ ገለጸው። በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ፣ በ2015 ደግሞ የድርጅቱ 17 የዘላቂ ልማት ግቦች ተከተሉ። በዚህ አነጋገር የማይስማማ መንግሥት ወይም ኩባንያ አይገኝም፤ ሁሉም የሚስማማበትን ነገር ደግሞ መመርመር ይገባል። በክፍል ውስጥ የሚደረገው ምርመራ የሚጀምረው ዘላቂ እንዲሆን የተፈለገው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነና ሒሳቡ የተሠራው በየትኛው ወሰን ውስጥ እንደሆነ ከመጠየቅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ወሰኑ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች በበዙባት ከተማ የጎዳናው አየር ይነጻል፤ ይህ እውነተኛና የሚያስደስት ለውጥ ነው። ነገር ግን ለመኪኖቹ ባትሪ ከሚውሉት ማዕድናት መካከል፣ ከዓለም የኮባልት ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው፤ ከሊቲየሙም ጉልህ ድርሻ ያለው የሚገኘው በደረቁ የቺሊ አታካማ በረሃ ከምድር ሥር የሚቀዳ ጨዋማ ውኃ በፀሐይ እንዲተን እየተደረገ ነው። የከተማዋን ድንበር የሒሳባችን ድንበር ካደረግነው ትርፍ ብቻ እናያለን፤ የማዕድን ማውጫውን መንደር ከጨመርነው ሌላ መዝገብ ይከፈታል። ይህን የምንለው የኤሌክትሪክ መኪናን ለማጣጣል አይደለም፤ ነዳጅም የራሱ ረጅም መዝገብ አለው። ተማሪው የሚሠለጥነው ሁለቱንም መዛግብት ከዳር እስከ ዳር እንዲከታተልና የት ላይ እንደተቆረጡ እንዲለይ ነው።

ሁለተኛው የምርመራ መስክ የጋራ ሀብት አያያዝ ነው። ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የግጦሽ መሬት መጥፋቱ አይቀርም ሲል ተከራከረ። እንደ እርሱ አባባል አንድ ከብት የሚጨምር ሰው ትርፉን ብቻውን ያገኛል፤ የሣሩን ጉዳት ግን ከሌሎቹ ጋር ይካፈለዋል፤ ስለዚህ ሁሉም መጨመሩን አይተውም። ይህ ክርክር ብዙ መንግሥታት የጋራ ደንንና ግጦሽን ወደ ግል ወይም ወደ መንግሥት ይዞታ ለማዛወር ምክንያት አድርገውታል። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሰዎች በእርግጥ የጋራ ሀብታቸውን እንዴት እንደሚይዙ ከብዙ አገሮች ማስረጃ አሰባስበው ሌላ ውጤት አገኙ፤ በ2009ም በዚሁ ሥራቸው በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ኦስትሮም ከጠቀሷቸው ቦታዎች አንዱ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያለው የቶርቤል መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች በ1517 ያጸኑት ደንብ፣ ማንም ሰው በክረምት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም በበጋ ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያወጣ ይከለክላል። ይህን ደንብ ቀረብ ብለን እንመልከተው። በክረምት በረዶው ሲጥል ላሟ በበረት ውስጥ የምትበላው ድርቆሽ የሚታጨደው ከባለቤቷ የግል መስክ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከጋራው መሬት የሚደርሰው ድርሻ በራሱ መስክ መጠን ይወሰናል። የሣሩን መጠን የሚለካ ባለሙያ አያስፈልግም፤ በበረቱ ስንት ላም እንደከረመች ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። የወቅቱ መፈራረቅ፣ የተራራው ከፍታ፣ የመሬት ይዞታውና የጎረቤት ዐይን በአንድ አጭር ድንጋጌ ውስጥ ተገናኝተዋል። የሃርዲን ግጦሽ ደንብ የሌለው፣ ሰዎቹም የማይነጋገሩበት ግጦሽ ነበር፤ ቶርቤል እንዲህ አልነበረችም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ማኅበረሰብ ሁሉ ሀብቱን ይጠብቃል ብሎ መደምደም ሌላ መፈክር መፍጠር ነው። የኦስትሮም ጥናት እንደሚያሳየው የተሳካላቸው ቦታዎች የሀብቱና የተጠቃሚው ወሰን የታወቀባቸው፣ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚያወጡባቸውና ለጥሰት እየከበደ የሚሄድ ቅጣት ያላቸው ናቸው። በከባቢ አየር ላይ ግን እንዲህ ያለ ወሰን ማበጀት አስቸጋሪ ነው። በሃዋይ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ በ1958 መለካት ሲጀመር ከሚሊዮን 315 እጅ ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል፤ ጋዙን የለቀቀውና በጎርፉ የሚጠቃው ሰው ደግሞ አይተዋወቁም። በመንደር ደረጃ የሠራ መፍትሔ በዓለም ደረጃ ለምን እንደማይሠራ መመርመር ለብቻው የአንድ ሰሚስተር ኮርስ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ይህን ትምህርት ካልተማርኩ ብላለች። ፍላጎቷን አልቃወምም፤ ነገር ግን ተመርቃ ምን ሥራ ታገኛለች የሚለው ያሳስበኛል። እውነቱን እንድትነግሩኝ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አሳሳቢነቱ የሚገባ ስለሆነ እውነቱን እንነግርዎታለን። ከማስተማርና ከምርምር ውጭ «ጂኦግራፈር» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ አይወጣም። ሥራው ያለው በሌላ ስም ነው፤ የተፋሰስ አስተዳደር፣ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ የከተማ ፕላን፣ የሕዝብ ቆጠራና የካርታ ዝግጅት፣ የድርቅና የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ የበሽታ ሥርጭት ክትትል በእነዚህ ባለሙያዎች ይሠራሉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ብቻውን፣ አሜሪካ ከ1970 ጀምሮ በሥራ ላይ ካዋለችው ሕግ ወዲህ፣ መንገድ፣ ግድብ ወይም ማዕድን ማውጫ ከመጀመሩ በፊት በአብዛኛው የዓለም ክፍል የሚጠየቅ ሰነድ ሆኗል።

ልጅዎ በምረቃ ጊዜ በእጇ ላይ ሁለት ነገር ቢኖር ይረዳታል። አንዱ በተግባር የተፈተነ ችሎታ ነው፤ ይኸውም ከጂአይኤስ ሶፍትዌር ጋር በደንብ መሥራት፣ መረጃን ማደራጀትና ማንም ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ሪፖርት መጻፍ ነው። ሌላው በአንድ ጉዳይ፣ ለምሳሌ በውኃ ወይም በከተማ ሙቀት ላይ፣ የጠለቀ ዕውቀት ነው። ሁሉን በጥቂቱ አውቆ መመረቅ በዚህ ዘርፍ የተለመደ ድክመት ስለሆነ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ኮርሶቿን ወደ አንድ አቅጣጫ እንድትሰበስብ ይምከሯት። ሶፍትዌር ማወቅ ብቻውን ግን ብዙ አያስኬድም፤ አጠቃቀሙን በአጭር ሥልጠና የሚማሩ ብዙዎች ናቸው። ካርታው ምን እንደሚልና ምን እንደሚደብቅ መናገር የሚችል ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ይከብደኛል። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ይግቡበት፤ ግን ቁጥርን ሸሽቶ ማለፍ እንደማይቻል ዐውቀው ይግቡ። በአብዛኛው የሚያስፈልግዎ ከባድ ሒሳብ ሳይሆን ጥንቃቄ የተሞላበት ስታቲስቲክስ ነው። ለምሳሌ የላንድሳት ሳተላይት ምስል የተሠራበት እያንዳንዱ ነጥብ በመሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ስለሆነ በውስጡ የሚያርፉት ነጥቦች 11 ያህል ብቻ ናቸው። በአሥር ሜትር ርቀት የተተከሉ ጥቂት ዛፎች በአንዱ ነጥብ ውስጥ ከአፈሩና ከሣሩ ጋር ተደባልቀው አንድ ቀለም ይሆናሉ። ሴንቲኔል-2 የተባለው ሌላ ሳተላይት የሚያነሣው ምስል ግን በዋና ዋናዎቹ ቀለሞች ነጥቡ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ በአንድ ሄክታር ውስጥ 100 ነጥብ ይሰጥዎታል። ይህን የመሰለ ማካፈልና ማባዛት የሚችል ሰው «ደኑ ጠፍቷል» የሚል ካርታ ሲያይ ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ ይገምታል። የላንድሳት ምስሎች ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነጻ ይሰጣሉ፤ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌርም ያለ ክፍያ ይገኛል። ስለዚህ ልምምዱን ዩኒቨርሲቲ ከመግባትዎ በፊት መጀመር ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። «የአየር ንብረት ለውጥ በገጠሩ ሕዝብ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል የመመረቂያ ርዕስ አቅርቤ አማካሪዬ «ሰፊ ነው» ብለው መለሱብኝ። እንዴት ላጥብበው?

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ያቀረቡት ርዕስ የብዙ ተመራማሪዎችን ዕድሜ የሚጨርስ ነው። አንድ ቦታ፣ በዚያ ቦታ የታየ አንድ ለውጥ፣ ለውጡ የነካቸው ሰዎችና የተወሰነ ዘመን ይምረጡ፤ ከዚያም የሁለት ማስረጃዎች አለመስማማት ካለ እርሱን ይያዙ። ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ካርታውና ሰዉ ካልተስማሙበት ቦታ ነው።

በኬንያ የባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ የሆነው ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የማገዶ እጥረትን ለማቃለልና በረሃማነትን ለመግታት ሲባል ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻማ ዛፍ እዚያ ተተከለ። ዛፉ ተስፋፋ፤ ከሳተላይት ለሚያየው ሰው ቀድሞ ገላጣ የነበረው መሬት አረንጓዴ ሆኗል። አርብቶ አደሮቹ የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። ቁጥቋጦው ግጦሹን ሸፍኖታል፣ መንገዱን ዘግቷል፣ ጣፋጩን ፍሬ አዘውትረው የበሉ ፍየሎችም ጥርሳቸው ይበላሻል። ፍሬውን የበላ ከብት ዘሩን በፋንድያው ይዞ ስለሚዞር ዛፉ በሄደበት ሁሉ ይበቅላል። አረንጓዴነቱን ብቻ የለካ ተመራማሪ መሬቱ አገገመ ብሎ ይጽፋል፤ ሰዎቹን ብቻ የጠየቀ ደግሞ ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ የሚጠቅማቸው ሰዎች መኖራቸው ሊያመልጠው ይችላል።

መስክ ሲወጡ ስብሰባ ጠርቶ ከመጠየቅ ይልቅ መሬቱን ከሚጠቀምበት ሰው ጋር በእግር መሄድን እናስቀድማለን። ሰውየው ቆም ብሎ «እዚህ ቀድሞ ይህ ሣር ነበር» ባለበት ቦታ ሁሉ በጂፒኤስ ምልክት ያድርጉ፤ በኋላ የዚያኑ ቦታ የደረቅና የዝናብ ወቅት ምስሎች ጎን ለጎን ያስተያዩ። ከዛፉ ሥርና ገላጣ በሆነው መሬት ላይ የብረት ቀለበት መሬት ውስጥ በትንሹ ተክለው፣ የተለካ ውኃ አፍስሰው፣ ለመስረግ የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ይያዙ፤ ቀላል ሙከራ ቢሆንም ስለ አፈሩ ብዙ ይናገራል። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ወንዶችና ሽማግሌዎች ናቸው። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች በሌላ መንገድ ይሄዳሉ፤ የሚያውቁትም መሬት ሌላ ነው፤ ስለዚህ ከእነርሱም ጋር ለብቻ ይሂዱ።

አጠያየቅዎም ይታሰብበት። «ዝናብ ቀንሷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ በአድማጩ አፍ ውስጥ አስቀምጦታል። «ባለፈው ወቅት መቼ ዘራችሁ? ለምን በዚያን ጊዜ ሆነ?» ብለው ቢጠይቁ ግን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘሩ ዋጋ፣ ስለ ታመመው በሬና ስለ ጉልበት እጥረት አብረው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ የአየር ንብረቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ መለየት የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ያነጋገሯቸው ሰዎች በፈቃዳቸው መናገራቸውን ያረጋግጡ፤ ጽሑፉን ሲጨርሱም ያገኙትን ውጤት ተመልሰው በቋንቋቸው ይንገሯቸው። ብዙ ተመራማሪዎች ሳይመለሱ ይቀራሉ፤ ይህ ከእኛ ዘንድ ይቅርታ የሚያገኝ ልማድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ትምህርቱን ጀምሬ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ደርሻለሁ። የምማረው ሁሉ ስለ ጥፋት ሆኖብኛል፤ የደረቀ ሐይቅ፣ የተራቆተ ተራራ፣ የተፈናቀለ ሕዝብ። ተስፋ እየቆረጥኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ስሜትዎ ይገባናል፤ ብዙ ተማሪዎች በዚሁ ዓመት ገደማ ይጽፉልናል። ከፊሉ የትምህርቱ አሰጣጥ ጉድለት ነው፤ ያገገሙ ቦታዎች ከጠፉት እኩል በጥንቃቄ ሊጠኑ ሲገባ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት በችኮላ ይነገራሉ። ከላይ የጠቀስነውን የአራል ባሕር እንኳ ብንወስድ በ2005 የተጠናቀቀው የኮክ አራል ግድብ ሰሜናዊውን ክፍል ከደቡቡ ለይቶ የሲር ዳርያን ውኃ አቁሮለታል፤ የጨው መጠኑ ቀንሶ ዓሣ ተመልሷል፣ አሥጋሪዎችም እንደገና ወደ ሥራ ገብተዋል። ደቡባዊው ክፍል ግን አልዳነም፤ ተማሪው ሁለቱንም በአንድነት ማየት አለበት።

ከዚህ የበለጠ ልናሳይዎ የምንፈልገው የደቡብ ኒጀርን ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ድርቅ ክፉኛ በተጎዱት የማራዲና የዚንደር አካባቢዎች ብዙ የችግኝ ተከላ ዘመቻዎች ተካሂደው አብዛኛው ችግኝ ደርቋል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ገበሬዎች ቀድሞ ሲያርሱ ይቆርጡት የነበረውን፣ ከአሮጌ ጉቶና ሥር የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ መተው ጀመሩ። ከሚያቆጠቁጡት ውስጥ ጠንካሮቹን መርጠው፣ የቀሩትን ገርዘው፣ በእርሻቸው መካከል አሳደጓቸው። ለችግኝ ጣቢያም ሆነ ለውኃ ማጠጫ የሚወጣ ወጪ አልነበረም፤ ሥሩ ቀድሞውኑ በመሬት ውስጥ ስለነበረ ቡቃያው ድርቁን ይቋቋማል። ከሃያ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የአየር ላይና የሳተላይት ምስሎችን ሲያነጻጽሩ በዚህ መንገድ ዛፍ የለበሰው መሬት 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሆነ ገመቱ።

ለምን በዚያን ጊዜና በዚያ ቦታ ሆነ ለሚለው የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ጎልቶ የሚነሣው ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በቀድሞው ሕግ ዛፉ የመንግሥት ስለነበር በእርሻው ላይ ያለውን ዛፍ የቆረጠ ገበሬ ይቀጣ ነበር፤ ስለዚህ ቡቃያው ገና ዛፍ ሳይሆን መንቀሉ ይሻለው ነበር። የሕጉ አፈጻጸም ላልቶ ገበሬው ዛፉን እንደ ራሱ ንብረት መቁጠር ሲጀምር ቅርንጫፉን ለማገዶ፣ ቅጠሉን ለመኖ እያዋለ ግንዱን ማቆየት ጠቀመው። በተመሳሳይ አፈርና ዝናብ ላይ እያሉ ይህ አሠራር ያልተስፋፋባቸው መንደሮችም አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ በሚመርጡበት ጊዜ እንዲህ ያሉ ጎረቤት መንደሮችን፣ አንዱ ያገገመበትንና ሌላው ያላገገመበትን፣ በምስልም በቃለ መጠይቅም አነጻጽረው ቢያጠኑ እንመክርዎታለን፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ስታቲስቲክስና የምስል ንባብ በሦስተኛው ዓመትዎ ላይ ያገኙታል።